ለቤተሰብ ጉዞ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ፦ የቦሎው ሳጥን ይበቃል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ለመስቀል ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በመኪና እንሄዳለን። ልጆቹ አንዷ 4 ዓመቷ ነው (16 ኪሎ)፣ ትንሹ 10 ወሩ (9 ኪሎ)። መኪናው ውስጥ ለቦሎ የተገዛ ሳጥን አለ። ይበቃል? ካልሆነ ምን ከየት እንግዛ?

መልስ፦ አይበቃም። የቦሎ ሳጥን ብዙ ጊዜ ቀጭን ፋሻ፣ ጥጥ፣ ፕላስተርና ትንሽ አዮዲን ነው፤ መኪና ውስጥ ሙቀት ሲመታው የፕላስተሩ ሙጫ ይለቃል። ለምርመራው ተዉትና ዚፕ ያለው ቦርሳ ራሳችሁ ሙሉ። መጀመሪያ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ ጠይቁ፣ ዋጋቸው ይሻላል፤ የጎደለውን ከግል ፋርማሲ አሟሉ።

ገንዘባችሁን ከፋሻ በፊት በተቅማጥና በትኩሳት ላይ አውሉት። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና ስኳር ዱቄት) 6 ከረጢት ያዙ፣ ከዚንክ ጋር የታሸገው ከተገኘ እሱን ምረጡ። አንድ ከረጢት ለ1 ሊትር ውኃ ነው። መንገድ ላይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ሙሉው ከረጢት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ይጨመራል፣ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል፣ ልጁን ይጎዳዋል። ለትንሹ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ለትልቋ ከ100 እስከ 200። ካስመለሱ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ዚንክ ለሁለቱም በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል። ሎፔራሚድ (የተቅማጥ ማስቆሚያ) ለልጆች በፍጹም አትስጡ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ጤና ጣቢያ ነው።

ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ያለውን ሽሮፕ ከገዛችሁ ለትንሹ 4 ሚሊ ሊትር፣ ለትልቋ 7 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ጠብታውን ከሽሮፑ ጋር እንዳታምታቱ፤ አንዳንዱ ጠብታ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ እንደ ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ከተሰጠ 500 ሚሊ ግራም ይሆናል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ያዙ፤ የቤት ማንኪያ ልኩ ይለያያል። በፊንጢጣ የሚከተተው ፓራሲታሞል ሙቀት ስለሚያቀልጠው መኪና ውስጥ አይተው።

ለቁስል 10 ስቴራይል ጎዝ፣ 4 ፋሻ፣ 2 ጥንድ ጓንት፣ መቀስ፣ ወረንጦና ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። ለተሰበረ ክንድ ማንጠልጠያ ነጠላ ያገለግላል። ቃጠሎ ላይ 20 ደቂቃ የሚፈስ ውኃ እንጂ የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አይቀባም።

ሌላ መልስ፣ ስለ ውኃው፦ የጠራ ውኃ ለማከም «ውኃ አጋር» (ፈሳሽ ክሎሪን) ወይም አኳታብስ (የክሎሪን እንክብል) ሁለቱም ደህና ናቸው። ለጉዞ አኳታብስ ይመረጣል፣ አይፈስም። ግን ሚሊ ግራሙን እዩ፦ ባለ 67ቱ ለ20 ሊትር ጄሪካን ነው፣ አንድ ሊትር ውስጥ እንዳትጨምሩት። ውኃው ደፍርሶ ከሆነ ቢሻን ጋሪ የሚባለው የውኃ ማከሚያ ዱቄት ይሻላል፤ ጭቃውን ያዘቅጠዋል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። የትኛውንም ብትጠቀሙ ከመጠጣታችሁ በፊት 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ሌላ መልስ፦ አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ የወባ ወቅት ነው። አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ጨምሩ፤ በትንሹ ልጅ እጅና አፍ አካባቢ አትቀቡ። ኮአርተም የወባ ማከሚያ እንጂ መከላከያ ስላልሆነ «ለማንኛውም» ብላችሁ አትስጡ። ትኩሳት ከመጣ፣ አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላም ቢሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም አስመርምሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ስልክ፦ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፤ አዲስ አበባ ውስጥ እሳትና አደጋ 939፣ የግሉ ጠብታ አምቡላንስ 8035 (በክፍያ)። ቁጥሮቹንና የልጆቹን ኪሎ በወረቀት ጽፋችሁ ቦርሳው ክዳን ውስጥ ለጥፉ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል።