አስቸኳይ! ልጄ አልቀርብም አለኝ፣ እሁድ እማዬ ትሄዳለች። በዘር ነው እንዴ?

የናቲ እናት (ሐሙስ ማታ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ዞር ብሎ አያየኝም። ዛሬ ጠዋት ፊቱን ላጥበው ስል ነከሰኝ፣ እጄ ላይ የጥርሱ ምልክት ቀርቷል። ማታ ከእማዬ ጋር ካልሆነ አይተኛም፤ የነጠላዋን ጥለት ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። እማዬ ደግሞ እሁድ ንጋት 11 ሰዓት ወደ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። የወንድሟ ተዝካር ስለሆነ መቅረት አትችልም፣ ከዚያም እዚያው ልትቆይ ነው። ልጁ ሳይነቃ ቀስ ብላ ትውጣ ብለን ተስማምተናል። የአባቱ እህት ግን "አትድከሚ፣ በዘሩ ነው፤ አባቱም ሰው አይጠጋም ነበር፣ ይሄው ጥሏችሁ ሄደ፤ እሱም አድጎ እንዲሁ ነው የሚቀረው" ትለኛለች። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰውዬ የልጅ ምራቅ ውጭ አገር ልኮ በዘር የሚተላለፍ "የፍቅር ጂን" ያስመረምራል፣ 18 ሺህ ብር ነው አለኝ። ልክፈል? ከእሁድ በፊት መወሰን አለብኝ።

አቡሽ ሚኒባስ
18 ሺህ ብር ለምራቅ?! በዚህ ዋጋ እኔ ሙሉ ቀን ልትፋልሽ።

እትዬ ዘነቡ
ልጄ፣ አይዞሽ። ዛሬውኑ ከእናትሽ ጋር ሦስታችሁም አንድ አልጋ ላይ ተኙ። ልጁ መሀል ይሁን።

ሲስተር መ.
ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? አንቺስ እስከዛሬ የት ነበርሽ? ዋናውን ነገር ሳትነግሪን ስለ ጂን ትጠይቂናለሽ።

ጋሽ ኃይሉ (ጡረተኛ መምህር)
በመሠረቱ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ልጅና አሳዳጊ የሚተሳሰሩበት ነገር ቁርኝት ይባላል። ነገሩን በሥርዓት የጻፈው ጆን ቦውልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን አብራው የሠራችው ሜሪ ኤንስዎርዝ ናት። ይህች ሴት ቁርኝትን ማጥናት የጀመረችው የት ይመስላችኋል? እዚሁ ጎረቤታችን ዩጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች ነው፤ በ1954 እና 1955 በፈረንጅ አቆጣጠር። 26 እናቶችን ቤት ለቤት እየሄደች፣ ልጁ ሲያለቅስ ማን ያነሳዋል፣ እናቱ ስትወጣ ምን ያደርጋል፣ ስትመለስስ እንዴት ይቀበላታል እያለች መዘገበች። በኋላ አሜሪካ ባልቲሞር ላይ ነገሩን ወደ 20 ደቂቃ ፈተና ቀየረችው። እናትና ልጅ አሻንጉሊት ያለበት ክፍል ይገባሉ፣ እንግዳ ሰው ይመጣል፣ እናት ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ልብ በሉ፣ ቁም ነገሩ ልጁ ማልቀሱ አይደለም፤ እናቱ ስትመለስ የሚያደርገው ነው። አንዱ ተጠግቶ ይጽናናል፣ አንዱ እንዳላያት ያልፋታል፣ ሌላው እቀፊኝ ይልና ሲታቀፍ ይራገጣል። በእኛ ጊዜ መምህራን ማሠልጠኛ ይህን ሁሉ በቃል ነበር የምናወጣው፤ የዛሬ ልጆች ግን

አቡሽ ሚኒባስ
ጋሽዬ፣ መኪናው እሁድ 11 ሰዓት ነው የሚነሳው፣ ያሳጥሩልን።

የናቲ እናት
ይቅርታ፣ የሚገባ መስሎኝ ነው ያልጻፍኩት። 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። እኔ ኩዌት ነበርኩ። 11 ወር ሲሆነው ነው የሄድኩት፤ ከመጣሁ 19 ቀኔ። በየቀኑ በኢሞ እናወራ ነበር፣ ስልኩን ይስምልኝ ነበር። አሁን "እናትህ እኮ ነኝ" ስለው የእማዬን ስልክ አንስቶ "እማማ እዚህ ውስጥ ናት" ይለኛል።

ሲስተር መ.
በይ አሁን ገባኝ። ልጅ አንድን ሰው ለይቶ መያዝ የሚጀምረው ከ6 እና 7 ወሩ ወዲህ ነው። በ11 ወሩ አንቺን ይዞሽ ነበር፣ ከዚያ ጠፋሽበት። 3 ዓመት ከ3 ወር ያጎረሰችው፣ ያጠበችው፣ ትኩሳት ሲይዘው ያደረችለት እናትሽ ናት። ልጅሽ ሰው የማይጠጋ ቢሆን ኖሮ ነጠላዋን ይዞ አይተኛም ነበር። መያዝ ያውቅበታል ማለት ነው። የያዘው ግን አንቺን አይደለም።

ቁርጡን ተናጋሪ
ከመጀመሪያውም ጥያቄው ልክ አይደለም። ልጁ እናት አለው፣ እናቱ አያቱ ናት። ለእሱ አንቺ ቤት የገባሽ እንግዳ ነሽ። "ልጄ አልቀርብም አለኝ" ሳይሆን "እኔ ሄጄ ነበር" ብለሽ ጀምሪ። የወለደ ሁሉ ይሂድና ስልክ ይሳም?

ሳሚራ ዘ ዱባይ
አንተ ቁርጡን ተናጋሪ፣ ኪራዩን ማን ሲከፍል የነበረ መሰለህ? ወተቱንስ? እኔ አሁን የሰው ልጅ አስተኝቼ ነው የምጽፈው፣ የራሴ ልጅ ሐረር ነው። ዝም በል።

እትዬ ዘነቡ
እንዲህ አትነጋገሩ። ሦስታችሁም አንድ አልጋ ላይ ተኙ ብያለሁ እኮ።

ባዮ ተማሪ
የጂኑን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። ሳይንቲስቶች በዘር ይሁን በአስተዳደግ የሚለዩት በመንታ ነው። ከአንድ እንቁላል የወጡ መንቶች ጂናቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ከሁለት እንቁላል የወጡት እንደማንኛውም ወንድማማች ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ። ቁርኝት በዘር ቢሆን የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኞቹ ይበልጥ መመሳሰል ነበረባቸው። በ2003 (በፈረንጅ) የታተመ ጥናት ላይደንና ለንደን ውስጥ 157 ጥንድ ሕፃናት መንቶችን አይቶ፣ ልጁ ተረጋግቶ ተጣበቀ አልተጣበቀም በሚለው ላይ የጂን ድርሻ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ አገኘው። ግማሹ ልዩነት የመጣው መንቶቹ አብረው ከሚኖሩበት ቤት ነው። ስለዚህ ለሕፃን ልጅ "በዘሩ ነው" የሚለው አያስኬድም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። በ2014 እንግሊዝ ውስጥ 551 ጥንድ የ15 ዓመት መንቶች ስለ ወላጆቻቸው ተጠይቀው ነበር፤ እዚያ የጂን ድርሻ ወደ 40 በመቶ ወጣ። ልጅ ሲያድግ የራሱ ጠባይ ይገባበታል።

የናቲ እናት
ወይኔ! እንግዲያው የአባቱ እህት 40 በመቶ ልክ ናት ማለት ነው? ሲያድግ ይብስበታል?

ባዮ ተማሪ
አይደለም አይደለም። 40 በመቶ ማለት "የናቲ 40 በመቶ የአባቱ ነው" ማለት አይደለም፤ በብዙ ልጆች መካከል ስላለ ልዩነት ነው የሚያወራው። ጤፍ አስቢ። አንድ ማሳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ውሃ እያጠጣሽ፣ ድብልቅ ዘር ብትዘሪ፣ አንዱ ረዝሞ አንዱ ያጠረው በዘሩ ነው። የማሳውን ግማሽ ውሃ ከከለከልሽው ግን ያ ግማሽ በሙሉ ይቀጭጫል፤ ዘሩ ግን ያው ዘር ነው። ልጅሽ ላይ የሆነው የውሃው ጉዳይ ነው።

አቡሽ ሚኒባስ
አባትየው ጥሎ የሄደው ጂን ስላለው ሳይሆን እግር ስላለው ነው።

ሲስተር መ.
ሳቅ በሳቅ ሆነና ዋናው እንዳይረሳ። እናትሽ ልጁ ተኝቶ እያለ እንዳትወጣ! ነቅቶ ሲያጣት ሰው በእንቅልፍ መሀል እንደሚጠፋ ይማርና ሌሊቱን ሁሉ አልተኛም ይላል። ያንቺንም አወጣጥ ያስታውሰዋል ባልልም፣ አንድ ጊዜ ደርሶበታል። ከነገ ጀምሮ ራሷ ትንገረው፦ "እሁድ በመኪና እሄዳለሁ፣ ከእናትህ ጋር ትቆያለህ፣ ማታ እደውላለሁ።" ቦርሳዋን ፊቱ ትሸክፍ፣ እሱም ልብስ ያቀብላት። ያለቅሳል፣ ያልቅስ። ነጠላዋን ግን ትታለት ትሂድ። ሳታጥቢው!

ጋሽ ኃይሉ
ሲስተር ትክክል ነች። የቦውልቢ የሥራ ባልደረባ ጄምስ ሮበርትሰን በ1950ዎቹ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ውስጥ ያየው ይኸው ነበር። ያኔ ወላጅ ልጁን ለመጠየቅ የሚፈቀድለት ሰዓት እጅግ ጠባብ ነው። ሕፃናቱ መጀመሪያ ይጮኻሉ፣ ቀጥሎ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ በመጨረሻ ዝም ይላሉ፤ ነርሶቹም "ለመደ" ይላሉ። እናትየዋ ልትወስደው ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞርባታል፣ እንደማያውቃት ይሆናል። መልመድ አልነበረም። ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ፊት ማዞሩን ጥላቻ አትበይው።

ቁርጡን ተናጋሪ
እሺ ይሁን፣ የአባቱ እህት ዋና ነገር ግን "አድጎም እንዲሁ ይቀራል" የሚለው ነው። እሱንስ ማን መለሰ? የልጅነት ነገር አይለቅም፣ ሁላችንም እናውቃለን።

ባዮ ተማሪ
"ሁላችንም እናውቃለን" ማስረጃ አይደለም። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በ1 ዓመታቸው በዚያ ጋሽ ኃይሉ ባሉት ፈተና ከታዩ 60 ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ 50ዎቹ ተገኝተው ተጠየቁ። 72 በመቶው በነበሩበት ጎራ ቆይተዋል፣ ማለትም የተረጋጋው ተረጋግቶ፣ ያልተረጋጋው እንደዚያው። በመሀል ወላጅ የሞተባቸው፣ የተፋታባቸው ወይም ከባድ ሕመም ቤታቸው የገባባቸው ግን ጎራ የመለወጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ የሰፋ ነበር። እዚያው ሚኒሶታ በድህነት ያደጉ ልጆች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በሕፃንነታቸውና በጉርምስና መጨረሻቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ዝምድና አላገኘም። ኑሮ የተናወጠበት ልጅ መንገዱም ይናወጣል፣ ወደ ክፉም ወደ ደግም። ያንተ "አይለቅም" የሚሠራው ኑሮው ሳይለወጥ ለቀጠለ ሰው ነው።

የናቲ እናት
የጂን ምርመራውስ? ሰውዬው ነገ እንድልክለት እየወተወተኝ ነው። ኦክሲቶሲን የሚባል ነገር ነው አለኝ።

ሲስተር መ.
ኦክሲቶሲን እኛ ማዋለጃ ክፍል ምጥ ለማፋጠን የምናንጠለጥለው ነው። ሰውነት ራሱም ያመነጨዋል፣ ልጅ ስናጠባም፣ ስናቅፍም ስሙ ይነሳል።

ባዮ ተማሪ
ሰውዬው ከአንድ እውነት ቀንጭቦ ነው የሚሸጥልሽ። ከላይ ያልኳቸው በድህነት ያደጉት ልጆች ጂናቸው ታይቶ በ2013 ወጥቷል። የኦክሲቶሲን መቀበያ ጂን ላይ "ጂ ጂ" የሚባለውን ዓይነት የያዙት ብቻ የሕፃንነት ቁርኝታቸው እስከ ጎልማሳነት ተከትሏቸዋል፤ ሌሎቹን አልተከተላቸውም። ልብ በይ፣ ጂኑ ማን ይወዳል ማን አይወድም አላለም። የታየው የልጅነቱ ታሪክ ምን ያህል ተጣብቆ ይቆያል የሚለው ነው፣ ደግ ታሪክም ቢሆን። ጥናቱ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከ1,000 በላይ ሕፃናት ላይ የዚህ ዓይነት ጂኖች ከቁርኝት ጋር ሲፈተሹ ወጥ ውጤት አልተገኘም። ናቲ "ጂ ጂ" ነው ቢሉሽ እሁድ ጠዋት ምን ልታደርጊ ነው? ምንም። ብርሽን ያዢ።

ሳሚራ ዘ ዱባይ
18 ሺህ ብር ስንት ወር እንደሚለፋበት አውቃለሁ። አትስጪው እህቴ።

አቡሽ ሚኒባስ
እሺ አሁን ያለ ቀልድ። እኔም ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ እናቴ ቤሩት ነበረች። 7 ዓመቴ ላይ ስትመጣ አልጋ ሥር ገባሁ። ሦስት ቀን እዚያ በላሁ። እናቴ ውጣ አላለችኝም። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ቡና ትቆላና ጭሱን በመሶብ ክዳን ወደ እኔ ታራግበዋለች። እኔ እዚያ ስስል ትስቅብኛለች። በአራተኛው ቀን ተናድጄ ወጣሁና ክዳኑን ቀማኋት። ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ የማራግበው። "እናትህ ነኝ" ያለችኝ ግን አላስታውስም።

የናቲ እናት (ቅዳሜ ማታ)
ትናንት ሦስታችንም አንድ አልጋ ላይ ተኛን። እትዬ፣ እግሩን ሆዴ ላይ ጥሎ ነው ያደረው፣ ፊቱ ግን ወደ እማዬ ነው። ፊቱን ማጠቡን ትቼዋለሁ፣ እማዬ ስታጥበው ፎጣ እይዛለሁ። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። እማዬ ነጠላዬን ትቼ ለተዝካር ምን ለብሼ ልቁም ትላለች፣ ደህናው እሱ ብቻ ነው። ጥለቱን ቆርጠን እንስጠው?

እትዬ ዘነቡ
ምን ቁረጡ አመጣው! ለእናትሽ ሌላ ነጠላ ግዢላት፣ ያ ከምራቁ ብር አይበልጥም። አሮጌው ከልጁ ጋር ይቅር። አዲሱን ለልጁ እንዳትሰጪው፣ አዲስ ነጠላ እናትሽን እናትሽን አይሸትም።

ሲስተር መ.
ቡራኬ ነው እትዬ። ናቲ እናት፣ ሱቁ ሳይዘጋ ሩጪ።

ጋሽ ኃይሉ
እኔም ቀደም ሲል ያቋረጣችሁኝን ልቀጥል። ቦውልቢ በልጅነቱ ያሳደገችው ሞግዚት ነበረች፣ ትታው ስትሄድ

አቡሽ ሚኒባስ
ጋሽዬ፣ በእግዚአብሔር።

ሲስተር መ. (ረቡዕ)
ናቲ እናት? እሁድ እንዴት ሆነ? ነጠላው ተገኘ?

ሳሚራ ዘ ዱባይ (ዓርብ)
እኔም በየቀኑ እየገባሁ አያለሁ። የጻፈችላችሁ ሰው አለ?

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ካልረበሽኳችሁ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን መኪና አሁን ስንት ነው?