ኤፍአይቲሲ ሳስገባ ፌኒልአላኒኑ ጠፋብኝ

የአዌቱ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ለማስተርስ ሥራዬ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ (የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) በሪንክ አሚድ ሬዚን (ሰንሰለቱ ተይዞ የሚሠራበት ጠጣር ፍሬ) ላይ በኤፍሞክ ዘዴ ሠራሁ። መጨረሻ የገባው ፌኒልአላኒን ነው። ኤፍሞኩን (የአሚኑን ጊዜያዊ መሸፈኛ) በ20% ፓይፐሪዲን አነሣሁ፣ ኤፍአይቲሲ የሚባለውን የሚያበራ ቢጫ ቀለም በዲኤምኤፍ (ማሟሟያ) አሟሙቼ ከዲአይፒኢኤ (ቤዝ) ጋር ጨመርኩ፣ ሲሪንጁን በፎይል ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ሬዚኑ እርድ መስሏል። ተሳካልኝ ብዬ ለቡና ወጣሁ!

ከዚያ በ95% ቲኤፍኤ (ጠንካራ አሲድ) ሁለት ሰዓት ተኩል አቆይቼ ከሬዚኑ ቆረጥኩት። ቀዝቃዛ ኤተር ውስጥ ስጨምረው የዘቀጠው ግን ነጭ ዱቄት ነው። የማስ ስፔክትሮሜትሪው (የሞለኪውል ክብደት መለኪያው) ውጤት ሲመጣ ደግሞ ከጠበቅኩት በ536 ያንሳል። 389ኙ ቀለሙ ነው፣ እሺ አልያዘም እንበል። 147ቱስ? ያ እኮ ልክ የፌኒልአላኒኑ ክብደት ነው። የገባ አሚኖ አሲድ ተመልሶ ይወጣል እንዴ?

የምጠረጥረው፦ ዲኤምኤፉ ትንሽ ዓሣ ዓሣ ይላል። ሌሊትም መብራት ሁለቴ ሄዶ ማናወጫው ቆሞ ነበር። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ።

ሬዚን አጣቢ
ዲኤምኤፉ ነው፣ አትድከሚ። ዓሣ ከሸተተ ዲሜቲልአሚን አለበት፤ ኤፍሞክን ያለጊዜው ያነሣል። አዲስ ክፈቺ።

ሽበቱ ኬሚስት
ዲኤምኤፉን ቀይሪው፣ ኤፍአይቲሲውንም ይበላብሻል። ግን ኤፍሞክ ያለጊዜው ሲነሣ አንዱ አሚኖ አሲድ ሁለቴ ይገባና ክብደቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መብራቱም ነፃ ነው።

ልጄ፣ ሳታውቂው የኤድማንን ሥራ ሠርተሻል። ፔር ኤድማን እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው ዘዴ ይኸው ነው፦ አይዞቲዮሳያኔት ጫፉ ላይ ካለው አሚን ጋር ይያያዛል፤ አሲድ ሲያገኘው ድኙ ዞሮ የመጀመሪያውን የፔፕታይድ ቦንድ ያጠቃል፤ ጫፉ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ቀለበት ሠርቶ ተቆርጦ ይሄዳል። እሱ የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል ለማንበብ አስቦበት ነው ያደረገው። የኤፍአይቲሲ ‘አይቲሲ’ም ያው አይዞቲዮሳያኔት ነው፣ ቲኤፍኤሽም አሲዱ። እስቲ ንገሪኝ፣ ኤተሩ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?

የአዌቱ ልጅ
ቢጫ! እጥበቱ እየመሰለኝ ሦስቴ ደፋሁት። ፌኒልአላኒኔን ይዞት የሄደው እሱ ነዋ። አሁን ምን ይሻላል ጋሼ?

ሽበቱ ኬሚስት
በፌኒልአላኒኑና በቀለሙ መሀል አሚኖሄክሳኖይክ አሲድ አስገቢ፤ በኤፍሞክ ተሸፍኖ ይሸጣል፣ እንደ ማንኛውም አሚኖ አሲድ ይገባል። ድኙ ያን ያህል ርቆ ቀለበት መዝጋት አይመቸውም። ከባዶው ፔፕታይድ 502 ጨምሮ ካገኘሽው ተሳክቷል። ካልሆነም ኤፍአይቲሲውን ትተሽ ካርቦክሲፍሎረሰይን የሚባለውን ቀለም በዲአይሲ (አያያዥ ኬሚካል) አያይዢ፤ ተራ አሚድ ስለሆነ ቲኤፍኤ አይነካውም።

ሬዚን አጣቢ
ተምሬያለሁ ጋሼ። እኔ ቀለሙን ላይሲን ጎን ላይ ነው የማስገባው፣ ኤምቲቲ (በቀላል አሲድ የሚነሣ መሸፈኛ) ያለበትን ላይሲን ተጠቅሜ። ዲክሎሮሜቴን ውስጥ 1% ቲኤፍኤ እያደረግኩ ቢጫው እስኪጠፋ ደጋግሜ አጥባለሁ። ጫፉ ግን አስቀድሞ መሸፈን አለበት፣ አለዚያ ቀለሙ እዚያም ይገባና ያው ጣጣ ይመለሳል።

የአዌቱ ልጅ
ደግነቱ ግማሹን ሬዚን ፌኒልአላኒኑ ከነኤፍሞኩ እንዳለ ፍሪጅ አስቀምጫለሁ። አሚኖሄክሳኖይኩ ግን እኛ ጋ የለም። ትንሽ የሚያበድረኝ አለ?

ሬዚን አጣቢ
ሁለት ግራም አለኝ። ሐሙስ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፣ እልክልሻለሁ። ሲመለስ ቡና አስይዢው።