የድሮ ዘመን ኮክቴል ምሽት በአባል ቤት፦ ለጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፍ

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማኅበራችን ግብዣ ባለፈው የተስማማነው በሁለት ነገር ብቻ ነው። ግብዣው የድሮ ዘመን ኮክቴል ምሽት ይሁን፣ አዳራሽ ከመከራየት ደግሞ አባል ቤት ይሁን። ሌላው ሁሉ ክፍት ነው። መነሻ እንዲሆን እኔ ይህን ጽፌያለሁ፦ 20 ሰው፣ ስድስት ዓይነት ኮክቴል፣ ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የፈለጋችሁት ዘመን (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እንደፈለጋችሁ አርሙት፣ አልቀየምም።

የቤቱ ባለቤት፦ ቤቴን በደስታ እሰጣለሁ። ስድስት ዓይነት ግን አይሞከርም። ስድስት ዓይነት ከሆነ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሼከር (የኮክቴል መናጫ) ሲንጥ ያመሻል፣ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ ከወዲሁ ይታወቀኛል። ሁለት ኮክቴልና አንድ ትልቅ ሳህን ፑንች (ለብዙ ሰው በአንድ ላይ ተደባልቆ የሚቀርብ መጠጥ) ይበቃል። እኔም ከእንግዶቼ ጋር ቁጭ ብዬ ልጫወት እንጂ!

አዲስ አባል፦ በቁጥሩ እስማማለሁ። ዘመኑ ግን አንድ ይሁን። 40 ዓመት አንድ ላይ ከተደባለቀ የድሮ ልብስ የለበሰ ተራ ግብዣ ነው የሚሆነው። እኔ 1920ዎቹን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ለቤት ግብዣ የሚስማማ ዘመን ነው። አሜሪካ ከጥር 1920 እስከ ታኅሣሥ 1933 አልኮል ከልክላ ነበር። ሕጉ የከለከለው ግን መሥራትን፣ መሸጥንና ማጓጓዝን እንጂ መጠጣትን አይደለም። ክልከላው ከመምጣቱ በፊት ገዝቶ ያከማቸ ሰው በገዛ ቤቱ ከቤተሰቡና ከእንግዶቹ ጋር መጠጣት ይችል ነበር። ስለዚህ የሳሎን ግብዣ ለዚያ ዘመን እውነተኛ ነገር ነው። በር ላይ የይለፍ ቃል መጠየቅም እንችላለን። ያ እንኳ የዚያ ዘመን የድብቅ መጠጥ ቤቶች ልማድ ነው፣ ግን ማን ይከለክለናል?

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ እኔ 1950ዎቹን ነበር የፈለግሁት። ለሸክላዎቼ ስል። ክርክሩ ግን ጥሩ ነው፣ ተሸንፌያለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዘመኑ ከተመረጠ መጠጡም የዚያው ዘመን ይሁን። ባለፈው አንዱ በመዳብ ኩባያ የሚቀርበውን የቮድካና የዝንጅብል መጠጥ ሲጠቅስ ሰምቻለሁ። ያ መጠጥ የ1940ዎቹ ልጅ ነው።

አዲስ አባል፦ እኔው ነኝ የጠቀስኩት ጋሼ 😄 ወጥቷል። የመዳብ ኩባያውም አብሮ ይውጣ፣ ሎሚ ያለበት መጠጥ ከባዶ መዳብ ጋር አይስማማም፤ መዳቡ ወደ መጠጡ ይገባል። ውስጡ በሌላ ብረት ካልተለበጠ በቀር።

በምትኩ ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛው ጂን፣ ሎሚና ማር ነው፣ ቢስ ኒስ ይሉታል። የክልከላው ዘመን መጥፎ ጂን ጣዕሙ እንዲሸፈን ማር ጨመሩበት ይባላል። ሁለተኛው ማንሃታን ነው፣ ዊስኪ ሁለት እጅ፣ ቀይ ጣፋጭ ቬርሙት (ቅመም የገባበት ወይን) አንድ እጅ፣ ቢተር (መራራ የቅመም ጠብታ) ጠብ ጠብ። እሱ እንኳ ከክልከላው በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ነው፣ ግን በ1920ዎቹም አልጠፋም። የማሩ ሎሚ ስላለበት በሼከር ይናጣል። ማንሃታኑ ጭማቂ የሌለበት አልኮል ብቻ ስለሆነ በማንኪያ ብቻ ይማሰላል።

የቤቱ ባለቤት፦ ማንሃታኑን ከዋዜማው መደባለቅ ይቻላል?

አዲስ አባል፦ ይቻላል፣ እንዲያውም የተሻለ ነው። ግን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ውኃ ነው። ኮክቴል ከበረዶ ጋር ሲማሰል ከሚቀልጠው በረዶ ውኃ ይጠጣል። አስቀድመን ጠርሙስ ውስጥ ከደባለቅነው ያ ውኃ የለም፣ ስለዚህ ራሳችን ከጠቅላላው 20 እስከ 25 በመቶ እንጨምራለን። ቢተሩን በመጀመሪያ ግማሹን አድርጎ ቀምሶ መጨመር ይሻላል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ማታ ቀድቶ ማቅረብ ብቻ ይቀራል። የሎሚውን ግን በዕለቱ እንጨምቃለን፣ አድሮ ጣዕሙ ይበላሻል። ማሩም በእኩል ሙቅ ውኃ ካልቀጠነ ከቀዝቃዛ ጂን ጋር አይዋሃድም፣ ከሼከሩ ሥር ተጣብቆ ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦ አሁን ወደ እኔ ነገር እንምጣ። ከ20ው ውስጥ አራቱ አልኮል አይጠጡም። ያልጠጡትን የዊስኪ መዋጮ ክፈሉ ማለት ነውር ነው። የእኔ ሐሳብ፦ አልኮሉን የሚጠጡት 16 ሰዎች ይካፈሉት። በረዶ፣ ሎሚ፣ ማር፣ ለስላሳና ምግብ ከማኅበሩ ሣጥን ይውጣ። የመጠጡ መጠን ስንት እንደሆነ ግን ሳትነግሩኝ ሣጥኑን አልከፍትም።

ሐኪም አባል፦ መጠኑ ላይ እኔም አለሁበት። አንድ ተራ ማንሃታን 60 ሚሊ ሊትር ዊስኪና 30 ሚሊ ቬርሙት ነው። ይህ በአልኮሉ ሲታሰብ ሁለት መደበኛ መጠጥ ያህል ነው፤ ሰው ግን አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ጉበት ደግሞ በሰዓት አንድ መጠጥ ያህል ነው የሚያስወግደው፣ ቡና ቢጠጡበትም አይፈጥንም። ሦስት ማንሃታን የጠጣ ሰው ስድስት ጠጥቷል።

አንጋፋ አባል፦ መፍትሔው ዘመኑ ውስጥ አለ እኮ። የድሮ ኮክቴል ብርጭቆ ትንሽ ነው። አሁን የሚሸጠውን ሰፋፊ ብርጭቆ ስላየን ነው መጠኑ የተለጠጠው። በትንሽ ብርጭቆ ከቀዳችሁ ሰውም ቶሎ አይሰክርም፣ መጠጡም ሳይሞቅ ያልቃል።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ ይህ ግሩም ነው። እንግዲያው ማንሃታኑ 40 ዊስኪና 20 ቬርሙት ይሁን። ለ12 ብርጭቆ 480 ሚሊ ዊስኪ፣ 240 ቬርሙት፣ 160 ያህል ውኃ። የማሩም እንደዚያው 12 ብርጭቆ፣ ለያንዳንዱ 40 ጂን፣ 15 ሎሚ፣ 15 ቀጭን ማር። ከዊስኪውም ከጂኑም አንድ አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ይበቃናል፣ ይተርፋልም። የተረፈ ቬርሙት ወይን ስለሆነ ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ይግባ።

ለፑንቹ የቆየ ቀመር አለ፦ አንድ እጅ ጎምዛዛ፣ ሁለት እጅ ጣፋጭ፣ ሦስት እጅ ብርቱ፣ አራት እጅ ለስላሳ። ማለትም 250 ሚሊ ሎሚ፣ 500 የስኳር ሽሮፕ፣ አንድ ጠርሙስ ሩም፣ አንድ ሊትር የቀዘቀዘ ሻይ። ሁለት ሊትር ተኩል ይወጣዋል፣ በትንሽ ስኒ የሚጠጡትን ሁሉ ያዳርሳል። እኔ ስኳሩን ወደ 400 አወርደዋለሁ፣ አለበለዚያ ከረሜላ ነው።

የቤቱ ባለቤት፦ ፑንቹን በሻይ ስኒ እናቅርበው! በክልከላው ጊዜ መጠጥ በሻይ ስኒ ይደበቅ ነበር ይባላል። ለ20 ሰው የሚሆን ብርጭቆም የለኝም፣ ስኒ ግን ሞልቷል። ደግሞ የአያቴ ክሪስታል ማንቆርቆሪያ አለ፣ ማንሃታኑን ከዋዜማው እዚያ ላድርገው?

ሐኪም አባል፦ ከዋዜማው አይሆንም እህቴ። የጥንት ክሪስታል ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት። መጠጥ ሲያድርበት እርሳሱ ወደ መጠጡ ይገባል፣ በቆየ ቁጥር ይጨምራል። ፍሪጅ ውስጥ በተራ ጠርሙስ ይደር። ክሪስታሉ ለዓይን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ በረዶስ?

የቤቱ ባለቤት፦ ለሰው ግማሽ ኪሎ፣ በድምሩ 10 ኪሎ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ጠርሙስ ማቀዝቀዣም አለ። ለፑንቹ ትንንሹን በረዶ አንጠቀምም፣ ቶሎ ቀልጦ ያቀጥነዋል። እኔ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞልቼ ከዋዜማው አንድ ትልቅ በረዶ አሠራለሁ። ትልቁ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው።

የማይጠጣ አባል፦ ከአራቱ አንዱ ነኝ። ገንዘብ ያዣችንን አመሰግናለሁ፣ ግን የእኔ ጥያቄ የገንዘብ አይደለም። ሁልጊዜ ለእኛ የሚደርሰን ጥግ ላይ የተቀመጠ የላስቲክ ጠርሙስ ነው። በክልከላው ዘመን እኮ የሶዳና የአይስክሬም ቤቶች ነበሩ የደመቁት። ስለዚህ እኛም የዘመኑ ሰዎች ነን! የሮማን ጭማቂና ስኳር እኩል አድርገን ግሬናዲን (የሮማን ሽሮፕ) እንሥራ፣ ከዝንጅብል ሶዳና ከሎሚ ጋር፣ በዚያው በትንሹ ብርጭቆ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ። ማን ምን እንደያዘ እንዳይለይ።

ፀሐፊ፦ ይህ ያለ ክርክር ገብቷል። ምግቡ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ይሁን፣ አንዱ እጅ ብርጭቆ ይዟል። ልብስ እንደየአቅሙ፣ ዶቃም ላባም ግዴታ አይደለም። ሙዚቃስ ጋሼ?

አንጋፋ አባል፦ የ1920ዎቹ ሸክላ በደቂቃ 78 ዙር ነው፣ አንዱ ገጽ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይጫወታል። ረጅሙ ሸክላ የመጣው በ1948 ነው። በእውነተኛው ሸክላ ከሆነ አንድ ሰው ማታውን ሙሉ ሲገለብጥ ያመሻል፣ የሼከሩ ነገር በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። የጃዝ ዝርዝር በስልክ ይዘጋጅ፣ ድምፁ ዝቅ ይበል። እኔ ሁለት ሸክላ ለናፍቆት ይዤ እመጣለሁ።

ፀሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይኸው።

«ማኅበራችን በአንድ አባል ቤት ለ20 ሰው የ1920ዎቹ ኮክቴል ምሽት እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን። ግብዣው ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። የሚቀርቡት የማርና የጂን ኮክቴል፣ ማንሃታን፣ ፑንችና አልኮል የሌለው የሮማን መጠጥ ናቸው፣ ሁሉም በትንሽ ብርጭቆ ወይም በስኒ። የአልኮሉን ወጪ የሚጠጡት ይካፈላሉ፣ ሌላው ከማኅበሩ ሣጥን ይወጣል። የቤቱ ባለቤት አይቀዱም፤ አራት አባላት በየተራ ይቀዳሉ፣ ሁለት አባላት ቤቱን አጽድተው ይሄዳሉ። መኪና የያዘ አይጠጣም፣ የጠጣ ደግሞ የሚያደርሰው ሰው ከግብዣው በፊት ይመደብለታል።»

ሐኪም አባል፦ የመጨረሻው አረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያ ይምጣ። እታች ያለ ነገር አይነበብም።

ገንዘብ ያዥ፦ «ስኒና ብርጭቆ ቢሰበር ማኅበሩ ይተካል» የሚል ይጨመር። የሰው ቤት ነው።

የቤቱ ባለቤት፦ ከአያቴ ክሪስታል በቀር። እሱን የሚተካ ሣጥን የለም፣ ስለዚህ ማንም አይነካውም!

ፀሐፊ፦ ሁለቱም ገብተዋል፣ ክሪስታሉም ከነማስጠንቀቂያው። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ይጻፍ፣ ዓርብ ለጉባኤው እልከዋለሁ። ለመቅዳት ተራ የሚገቡ አራት ሰዎች ግን አሁኑኑ እጅ አውጡ፣ እስካሁን ያለኝ አንድ ብቻ ነው።