ጥልፍ ለመማር የቱ ይሻላል? ማኅበር፣ ቪዲዮ ወይስ የተዘጋጀ ጥቅል

የእጅ ጥልፍ ልትጀምሩ አስባችሁ በምን ልጀምር ለምትሉ፣ ከክሩም ከመርፌውም በፊት የጠላፊዎች ማኅበር ፈልጉ እላለሁ።

ቪዲዮ አይጠላም። የሰንሰለት ጥልፍን አካሄድ እየመለሱ ለማየት እንዲያውም የሚመች ነው። ግን የእናንተን እጅ አያይላችሁም። ክሩን ስታጠብቁት ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ስታላሉት ጥልፉ ይንጠለጠላል፤ ይህ ሳይለመድ በፊት የሚያርማችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ነው። ማኅበር ውስጥ ልምድ ያላቸው ጠላፊዎች ሥራችሁን ሲቀበሉ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። የክሩ ጫፍ ተቋጥሯል ወይስ በጥልፉ ሥር ገብቷል? ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ተጎትቷል? በነጭ ጨርቅ ጀርባ የተጎተተ ጥቁር ክር ከፊት ይታያል፤ ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ማኅበር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ ተቀመጡ። ሁሉም የየራሱን ሥራ ይዞ እየጠለፈ የሚጠያየቅበት ከሆነ ግቡ። ኤግዚቢሽንና ንግግር ብቻ የሚበዛበት ለጀማሪ አይሆንም። መጽሐፍና የጨርቅ መወጠሪያ የሚያዋስ ካገኛችሁ አትለፉት።

ክር ላይ አትሰስቱ። ዲኤምሲም አንከርም የሚባሉት የክር ምርቶች አስተማማኝ ናቸው፤ የቀለም ቁጥራቸው ስለማይገናኝ ብቻ በአንዱ የጀመራችሁትን በዚያው ጨርሱ። የዲኤምሲ የጥጥ ክር ቱባ 8 ሜትር ነው፣ 6 ቀጫጭን ክሮች አብረው ይሄዱበታል። የምትፈልጉትን ያህል አንድ በአንድ መዝዛችሁ መልሳችሁ ስታገጣጥሙ ጥልፉ ተኝቶ ቦታውን ይሞላል፤ በአንድ ላይ ከመዘዛችሁት ግን ይተበተባል። ስም የሌለው ርካሽ ክር ቀለም ሊለቅ ይችላል። ቁራጩን አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጫኑትና እዩት።

የተዘጋጀው ጥቅል፣ ማለትም ጨርቅ፣ ክር፣ መርፌና ንድፍ አብሮ የሚሸጥበት፣ ለመስቀል ጥልፍ (ክሩ በX ቅርጽ እየተሻገረ ለሚጠለፈው) ደህና ነው፣ ለሌላው አልመክረውም። መርፌውን ግን አረጋግጡ፦ የሽመናው ክር እየተቆጠረ ለሚጠለፍበት ጨርቅ ጫፉ ዱልዱም፣ ጥቅጥቅ ብሎ ለተሸመነ ጨርቅ ሹል መሆን አለበት።

መወጠሪያው ክብ እንጨት፣ ብሎን ያለው ይሁን። የውስጡን ክብ በጥጥ ጥብጣብ ከጠቀለላችሁት ጨርቁን አያንሸራትትም። ሥራ ስታቆሙም ጨርቁን አውጡት፤ የክቡ ምልክት አንዴ ከቀረ በቀላሉ አይለቅም።