ለቤት ውስጥ የተኩስ መለማመጃ የመደብ ማካፈያው ከምን ይሠራ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)
የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ለመመረቂያ ሥራዬ ስምንት የተኳሽ መደቦች ያሉት ባለ 25 ሜትር የቤት ውስጥ የሽጉጥ ዒላማ መለማመጃ እየነደፍሁ ነው። በመደቦቹ መካከል ለሚቆመው ማካፈያ ያሰብሁት ግራና ቀኙ ኮምፔንሳቶ፣ መካከሉና ላይኛው ልባስ ደግሞ ስፖንጅ የሆነ ገበታ ነው፤ እንጨቱ በቅርብ ይገኛል፣ ስፖንጁም ድምፅ ያፍናል። አማካሪዬ ግን ተራ ላሜራ ይሻላል ይላሉ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ብረት ሠሪ (ደብረ ማርቆስ)
እኅቴ፣ ከቁሱ በፊት ማካፈያው ምን እንዲያቆምልሽ እንደምትፈልጊ ወስኚ። ከጎን ተኳሽ የሚፈናጠረውን ትኩስ ቀለህ ለመመለስ ብቻ ከሆነ ማንኛውም ጠንካራ ገበታ ይበቃል። አፈሙዝ ሳይታሰብ ወደ ጎን ዞሮ የተተኮሰን ጥይት ያስቀር ከተባለ ግን ኮምፔንሳቶና ስፖንጅ ከመጋረጃ አይሻሉም፤ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በስቷቸው ያልፋል። ስስ ላሜራም ይበሳል፤ ወፍራሙ ደግሞ ጥይቱን ቢያቆመውም ጥይቱ በሰያፍ ሲያገኘው ሊነጥር ይችላል፣ ፍንጣሪውም ለሰው ይተርፋል።

ለዚህ ሥራ የሚመረተው ጥንካሬው በብሪኔል (በብረት ጥንካሬ መለኪያ) 500 ገደማ የሆነው ኤአር500 የሚባለው ብረት ነው። ፍንጣሪውን እንዲይዝ ፊቱ እንጨት ወይም ጎማ ይለብሳል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ይህን ብረት እንደ በርና መስኮት በብየዳ አታያይዢው። ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሥራ ስለሆነ ብየዳው ያረፈበት አካባቢ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ በቡሎን ይታሰር፣ የቡሎኑም ራስ ወደ ተኳሹ አይውጣ። የ10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በካሬ ሜትር 78 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ወለሉን የሚሠራልሽ መሐንዲስ ይህን ከወዲሁ ይወቀው።

የቀድሞ የተኩስ አሠልጣኝ (ፍኖተ ሰላም)
ስለ ብረቱ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ስፖንጁ ነው። አረሩም ማቀጣጠያውም አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ስላለባቸው፣ በተተኮሰ ቁጥር ደቃቅ የእርሳስ ብናኝ ይወጣል፤ ሳይቃጠል የቀረ ባሩድም ከአፈሙዙ ፊት ይበተናል። ስፖንጅና ምንጣፍ ሁለቱንም ይጠጣሉ፤ ብናኙ በውኃ አይወለወልም፣ ባሩዱም አንድ ቀን እሳት ሊይዝ ይችላል፣ ተራ ስፖንጅ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ደግሞ መርዝ ነው። ስለዚህ የማካፈያው ገጽ ልሙጥና በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ ይሁን፤ ድምፅ የሚያፍነውን ሥራ እሳት በማይነካው ቁስ ለጣሪያውና ከተኳሹ ኋላ ላለው ግድግዳ ተዪው። የተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ስለሚበልጥ፣ ማካፈያው ምንም ቢለብስ የጆሮ መከላከያ አይቀርም።

ነፋሱንም አትርሺ። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ደኅንነትና ጤና ተቋም በመደቡ ላይ የሚመክረው የአየር ፍጥነት በሰከንድ 0.38 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አቅጣጫው ከተኳሹ ጀርባ ወደ ዒላማው ነው። ድልብና ጠርዘ ሹል ማካፈያ ይህን ነፋስ እያሽከረከረ ጭሱን ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሰዋል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስፖንጁን ትቼዋለሁ። የሚተኮሰው .22፣ ማለትም 5.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንስ? ዳኛው ከኋላ ሆኖ ሁሉንም ተኳሽ እንዲያይም እፈልጋለሁ።

የዒላማ ስፖርት ወዳጅ (ባሕር ዳር)
እንዲያ ከሆነ ከወገብ በላይ ብርሃን አስተላላፊ ብታደርጊው ይሻላል። ለዚህ የሚሆነው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ነው፤ ስሙ ብቻ ግን አያስተማምንም፤ ሻጩ ዩኤል 752 በተባለው የጥይት መከላከያ ቁሶች መመዘኛ የተፈተነበትን ደረጃ ለዚያው ውፍረት በጽሑፍ ያሳይሽ። ደረጃ 1 ለ9 ሚሊ ሜትር፣ ደረጃ 3 .44 ማግነም ለሚባለው ኃይለኛ የሽጉጥ ጥይት ነው። አዳራሹን ነገ ሌላ ሽጉጥ የሚጠቀም ሊከራየው ስለሚችል ለ.22 ብቻ ብለሽ አታሳንሺው። አሞንያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃ ፖሊካርቦኔትን ስለሚሰነጣጥቀው፣ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ ብቻ እንዲጸዳ በንድፉ ማብራሪያ ላይ ጻፊው።