የአባታችንን ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ መኪና ለአረጋውያን መርጃ ማዕከል ልንሰጥ ነው፤ ከየት እንጀምር?

የለገጣፎዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? አባዬ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። መኪናው በፈረንጅ የ2013 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ ፕለግ-ኢን ነው፤ በቤንዚንም፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በሚሞላ ባትሪም የሚሄደው ዓይነት። ለገጣፎ ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሥር እንደቆመ ነው። እማዬ አትነዳም። መሸጡ ደግሞ ለማናችንም አልዋጥልን አለ። አባዬ በየበዓሉ የሚሄድበት የአረጋውያን ማዕከል ስላለ፣ ለነሱ ልንሰጥ ተስማማን። ትናንት ላስነሳው ብል በሩ እንኳ በሪሞት አልከፈት አለኝ። ባትሪው አልቆለታል ማለት ነው? አባዬ ለወንድሜ የሰጠው ውክልና አለ፤ በዚያ ውክልና ስሙን ወደ ማዕከሉ ማዛወር ይቻላል? ደግሞስ ሸክም እንዳንሆንባቸው ፈራሁ።

የሃይብሪድ መካኒክ፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በሩ ስላልከፈተ አትደንግጪ። የወረደው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ይህን ያህል ቆሞ መውረዱ ያለ ነው። ሪሞቱ ውስጥ የተሸሸገች ቁልፍ አለች፤ በሷ የሾፌሩን በር ክፈቺ።

ትልቁ ባትሪ ግን መታየት አለበት። 4.4 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ነው። ይህ መኪና እንደ ሌላው ሞተር የሚያስነሳ ሞተሪኖ የለውም፤ ሞተሩ የሚነሳው በትልቁ ባትሪ ጉልበት ነው። እሱ ከሞተ ነዳጅ ሞልተሽም አይንቀሳቀስም። ሃይብሪድ የሚያውቅ ጋራዥ ወስዳችሁ በኮምፒውተር አስመርምሩት፤ ውጤቱንም በወረቀት ተቀበሉና ለማዕከሉ ስጡ። ብርቱካናማዎቹን ወፋፍራም ገመዶች ማንም እንዳይነካካ፤ ከ200 ቮልት በላይ ነው የሚሸከሙት።

ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ያለውን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በጣትሽ ዳበስ አድርጊው። ከገላንና ከቱሉ ዲምቱ የሚመጡልኝ መኪኖች ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነው የማገኘው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በዚያች በኩል በሚገባ አየር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የቻርጅ ገመዱን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው፣ ይቃጠላል።

ውል አዋቂ፦
ውክልናውን አትንኩት። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል። በሱ ብትፈርሙ ጣጣው ነገ ማዕከሉን ነው የሚያገኘው።

መጀመሪያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። መኪናው በትዳር ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው፤ ስለዚህ እሳቸውም ወራሾቹም ሁሉ መስማማት አለባቸው። ከዚያ የስጦታ ውል ጽፋችሁ ውልና ማስረጃ ትፈርማላችሁ። ማዕከሉ የምዝገባ ሰርተፍኬቱን ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያወጣ መሆኑን፣ የሚፈርመውም ሰው ሥልጣን ያለው መሆኑን እዩ።

ሊብሬው በማዕከሉ ስም ሳይዞር ቁልፉን አታስረክቡ። እባካችሁ ይቺን ያዙልኝ። መኪናው ሰው ቢገጭ፣ ባለንብረቱ ራሱ ባያጠፋም በሕግ ይጠየቃል።

የሰንዳፋው፦
ከቀረጥ ነፃ የገባ እንዳይሆን ሊብሬውን እዩ። ከሆነ ለሌላ ከመተላለፉ በፊት የቀረጡ ነገር ማለቅ አለበት።

በጎ ፈቃደኛ፦
እኔ አንድ መርጃ ማዕከል አገለግላለሁ። ሸክም እንዳንሆን ማለትሽ ደስ ብሎኛል። እኛ ግቢ ስሙ ሳይዞር የተሰጠን መኪና አለ። ጎማው ተንፍሶ፣ ሥሩ ሣር በቅሎበታል። ሰጪዎቹ ውጭ አገር ናቸው፤ መሸጥም መንዳትም አልቻልንም።

ደውለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው። ሾፌር አላቸው? ኢንሹራንስና ቦሎ የሚከፍል አለ? «ብትሸጡትና ለመድኃኒት ብታውሉትም ደስ ይለናል» በያቸው። ይህን ካልሰሙ የአባትሽን መታሰቢያ ለመሸጥ ይሳቀቃሉ። ለማስቀረት ከፈለጉ ግን ልዩ ቻርጀር አያስፈልጋቸውም። ትልቁ ባትሪ ደህና ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ባይደረግ እንኳ፣ ቤንዚን እስካለው ድረስ እንደ ተራ ሃይብሪድ ይሄዳል።

የለገጣፎዋ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩን በትንሿ ቁልፍ ከፈትኩት። የአባዬ ጋቢ የኋላ ወንበር ላይ እንደተጣጠፈ ነበር፤ ቀዳዳውን ሸፍኖታል። ሳነሳው አቧራው ተነነ። ገመዱ ላይም የተጻፈው 120 ነው፤ እንኳን ነገራችሁኝ።

ለማዕከሉ ደወልኩ። አረጋውያኑን ለሐኪም ቀጠሮ የሚያመላልሱት በራይድ ነው፤ ሾፌር አላቸው፣ መኪናውን ይፈልጉታል። ባትሪው የማያዋጣ ከሆነ እንዲሸጡት እማዬ ራሷ ነገረቻቸው። ሰኞ የወራሽነቱን እንጀምራለን። መካኒኩ፣ ስምንት ወር የቆየው ቤንዚን ከታንኩ ሳይወጣ መኪናውን ባስነሳው ችግር አለው?

የሃይብሪድ መካኒክ፦
ታንኩ ውስጥ ትንሽ ከሆነ አዲስ ጨምሪበት። ብዙ ከሆነ አሮጌውን አስወጪው። መጀመሪያ ግን ትንሹን ባትሪ።