ያገለገለ ሊፍ ብሎወር፦ ነዳጅ ስሰጠው ይታፈንና ይጠፋል

ሰላም፣ ትንንሽ ሞተሮችን የምታውቁ ወገኖች እባካችሁ እርዱኝ። ማሽኑ ያገለገለ፣ ባለ 25 ሲሲ፣ ባለሁለት ምት፣ በእጅ የሚያዝ ቅጠል መንፊያ ነው። ቾኩ (የሚገባውን አየር የሚቀንሰው ክዳን) ግማሽ ላይ ሲሆን ይነሳል፣ ሚኒሞም ይይዛል (ነዳጅ ሳልሰጠው በዝግታ ይሠራል)። ቾኩን ስከፍተው ወይም ነዳጅ ስሰጠው ግን ድምፁ ይወርድና ቀጥ ይላል።

አሮጌውን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ሞልቻለሁ፤ ድብልቁ 50 ለ1 ነው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት። ካንዴላው አዲስ ነው፣ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር። የአየር ፊልትሮውንና ጥላሸት የሚደፍነውን የማርሚታ ወንፊትም አጽድቻለሁ። የነዳጅ ክዳኑን አላልቼ ሳስነሳው ለውጥ የለም፣ ስለዚህ መተንፈሻው አይመስለኝም።

በግማሽ ቾክ ብቻ መሥራቱ ቤንዚን እንዳነሰው ወይም በሆነ ቦታ ትርፍ አየር እንደሚስብ ያሳያል። ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ስፈታው ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ደርቋል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ካርቶን ይንኮሻኮሻል። እዚህ አሜሪካ አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ማሽኑ ውስጥ ወራት ሲቆይ ጎማ ነክ ነገሮችን ያበላሻል። የቤንዚን ቱቦው ግን አልተሰነጠቀም።

ዲያፍራሙንና ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ብቻ ብቀይር ይበቃል ወይስ ሙሉ ካርቡራተር ልግዛ? ደግሞም የክራንኩ ፓራኦሊዮ (የሞተሩ ዘንግ ዙሪያ ማሸጊያ) አየር እንደማያስገባ፣ የግፊት መለኪያ ሳይኖረኝ በምን ልፈትሽ? ይህን ሳላረጋግጥ የነዳጅ ማስተካከያ ብሎኖቹን መንካት አልፈልግም፤ ቤንዚን አንሶት በሙሉ ኃይል ከሠራ ቅባት አጥቶ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል)።